እትዬ ፀዳለ፣ ቦቴዎቻቸውና ደብዳቤዎቻቸው

ባለፈው ሰኔ ፋራህ ከጅግጅጋ ደወለልኝ። ፋራህ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው፤ ሰላምታ ማሳጠር አያውቅበትም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሁለቱ ልጆቼ፣ ስለ አዳማ ሙቀት አንድ በአንድ ጠይቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ኤዶ ሄደች» አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ምን ትሆናለች? ድሬዳዋ ገባች። ልጇ ጋ። ዕቃዋን ጭኜ ያደረስኳት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ተብሎ ይነገራል ፋራህ? ቀብራቸው መቼ ነው ብዬ ልጠይቅህ ነበር እኮ።»

«ኤዶ ደግሞ መች ትሞታለች?» አለ ከልቡ ተገርሞ። «መንገዱን ሙሉ ስልኳ ላይ ስትጽፍ ነበር። ቦቴዎቹን ለእኛ ለሾፌሮቹ ማኅበር ሰጥታን፣ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ጀምራለች።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ስለ እትዬ ፀዳለ ልነግራት ጀመርኩና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳልጨርስ ቀረሁ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እሳቸው የሾፌሮቹ ሁሉ ኤዶ ነበሩ። እኔ ግን እትዬ ፀዳለ ነበር የምላቸው። አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ በሥራ ቀን እንደ ከተማው ሴት ሰፊ ድሪያ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ የሚለብሱ ሴት ናቸው። አባታቸው በወታደርነት ተመድበው ጅግጅጋ የመጡ፣ ጡረታ ሲወጡም ወደ ትውልድ አገራቸው መመለስ ሳያምራቸው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እትዬ ፀዳለ የተወለዱት የካራማራ ተራራ ከነጉሙ በሚታይበት ግቢ ነው። አማርኛቸው የቢሮ ነው፤ ሶማሊኛቸው የገበያ። ሲቆጡ ሁለቱን ይደባልቁታል። ሲስቁ ግን ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

በወጣትነታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲመቱ ኖረዋል። ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ነበረቻቸው፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ትነገራለች።

«አንድ ቀን» ይላሉ፣ «ደገሃቡር የሚለውን ጎዴ ብዬ መታሁት። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር። አለቃዬ ሳያነብ ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ አንድ አስተማሪ ሻንጣውን ይዞ ጎዴ ወረደ።»

«ከዚያስ?» ይባላሉ።

«ከዚያማ እዚያው አገባ። ስድስት ልጅ ወለደ። በዓል በመጣ ቁጥር እየደወለ ያመሰግነኛል። ሚስቱ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ዕድሌ ነው ያመጣው ትላለች።» ትከሻቸው ይንቀጠቀጥና ወዲያው ኮስተር ይላሉ። «እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወረቀት የተጻፈበትን ነው የሚያደርገው። አንተ በልብህ የያዝከውን አያውቅልህም።»

ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበሩ። በድንገት ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት አንዲት ልጅና አንድ ያረጀ ቦቴ ነበር። ሰው ሁሉ ሽጪው አላቸው። እሳቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። መጀመሪያ ዓመት ራሳቸው እየነዱ ውሃ አመላለሱ። እኔ ጅግጅጋ ኮሌጅ በኮምፒውተር መምህርነት ተመድቤ ስሄድ ስድስት ቦቴና ስድስት ሾፌር ነበሯቸው። ቢሯቸው በግቢያቸው ውስጥ የቆመ አሮጌ ኮንቴይነር ነበር፤ መስኮት ተቆርጦለት፣ ቬንትሌተር ተሰቅሎለት።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በዚያ አካባቢ ገጠሩ የሚጠጣው ከቢርካ ነው። ቢርካ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ዝናብ ሲቀር ቢርካው ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ቦቴ ይጠራል። ጥሪው የሚመጣው በስልክ ነበር፤ እትዬ ፀዳለም እየሰሙ ግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ይጽፉታል። በጋው ሲበረታ ግን ሰሌዳው አይበቃም። የአንዱ ክንድ ሲያልፍ የሌላውን መንደር ስም ጠርጎት ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ሁለት ቦቴ አንድ ቢርካ አፍ ላይ ይገናኛል፤ ሌላው መንደር ጀሪካኑን ደርድሮ መንገድ መንገድ ሲያይ ይውላል።

እኔ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ኮምፒውተር እጠግን ስለነበር፣ ፕሪንተር ላስተካክል እየሄድኩ ተዋውቀን ነበር። አንድ ቀን አስጠሩኝና ሰሌዳውን አሳይተው፣ «ይሄን ነገር በኮምፒውተር ልታደርግልኝ ትችላለህ?» አሉኝ።

ደብተሬን አወጣሁ። መጀመሪያ ጥናት እንደሚደረግ፣ ከዚያ ዲዛይን፣ ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ ፍተሻ እንደሚመጣ በመምህር ድምፅ አስረዳሁ። «አራት ወር ይፈጃል» አልኩ።

«አራት ወር?»

«ሶፍትዌር እንደ ጎማ አይቀየርም፣ እትዬ።»

ሻይ አስመጡልኝ፤ በሩ ድረስም ሸኙኝ። እንደ ባለሙያ ተከብሬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ዐሥር ቀን ሳይሞላ ስልክ ደወሉ። «መምህር፣ እስቲ ናና አንድ ነገር እይልኝ።»

የሄድኩት ከምሳ በኋላ ነው፤ ጅግጅጋ ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት። ኮንቴይነሩ ውስጥ ቬንትሌተሩ ብቻ ይንጫጫል። እትዬ ፀዳለ ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ስክሪኑ ላይ የመንደሮች ዝርዝር አለ፤ በማን ተጠየቀ፣ መቼ ተጠየቀ፣ የትኛው ቦቴ ተመደበ። በስልክ የሚከፈት የሾፌር ገጽም አለው፤ በአማርኛና በሶማሊኛ። አንዱን ቁልፍ ነካሁት፣ ሠራ። ሌላውንም ነካሁ፣ እሱም ሠራ።

«ማን ነው የሠራልዎት?»

«ጸሐፊው።»

«የቱ ጸሐፊ?»

ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ሕይወት፣ በሰው ቋንቋ ሲነግሩት ኮድ የሚጽፍ ኤአይ መምጣቱን በስልክ ነግራቸው፣ እንዴት እንደሚከፈት አሳይታቸው ኖሯል። እሳቸውም ቁጭ ብለው ጻፉለት። የጻፉትን አሳዩኝ። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ አጀማመሩ ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

«ለኮድ ጸሐፊ። ጉዳዩ፦ የውሃ ጥያቄዎችን ተራ ስለማስያዝ ይሆናል። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ድርጅታችን ስድስት ቦቴዎች ያሉት ሲሆን...» ይልና እያንዳንዱን ነገር ተራ በተራ ይዘረዝራል። ማን ይደውላል፣ ምን ይጠየቃል፣ ሁለት መንደር በአንድ ቀን ቢጠይቁ የትኛው ይቀድማል። መጨረሻው፣ «ይህ ታውቆ አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር» ነው። ስማቸውም አለበት።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«ማሽን እኮ ነው እትዬ። ሰላምታ አያስፈልገውም።»

«እሱ ባያስፈልገው እኔ አለብኝ። በሰላምታ ያላለቀ ደብዳቤ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ደግሞም ዝም ብለው የሚቀበሉት አልነበሩም፤ አማርኛውን ያርሙታል። «'ቦቴዋ ውሃውን አድርሷል' ብሎ ጻፈልኝ። ቦቴዋ ካልክ አድርሳለች በል አልኩት። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ። አለቃዬ በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም።» ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ያሉት ግን በሳቅ አልነበረም። «ዕድሜዬን ሌላው ሲናገር እኔ ስጽፍ ኖርኩ፣ መምህር። አሁን እኔ ስናገር የሚጽፍ መጣልኝ።»

አብሬያቸው ሳቅኩ እንጂ ቅር ብሎኝ ነበር። ዓመታት ያስተማርኩት ነገር ነው። እኔ አራት ወር ያልኩትን አንዲት የቀድሞ ታይፒስት በዐሥር ቀን ሠርታ ታሳየኛለች? ስለዚህ እንከን ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁም። የይለፍ ቃል የለውም፤ የሰዉ ስልክ ቁጥር ለማንም ወለል ብሎ ይታያል፤ መረጃው ሁሉ ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ከወደቀ ሁሉም ጠፋ። እየቆጠርኩ ነገርኳቸው፤ ደስ እያለኝ እንደነበር አልደብቅም።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ጻፉ። ስጨርስ ቀና ብለው፣ «ጥሩ አገኘህ። ሌላስ?» አሉኝ።

እንዲህ የሚል ሰው ላይ ማኩረፍ አይቻልም። በማግሥቱ ስመለስ ከነገርኳቸው አብዛኛው ተስተካክሎ ነበር። የቀረውን አብረን ሠራን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮሌጅ ስወጣ እግሬ ወደ ኮንቴይነሩ ይወስደኝ ጀመር።

ሾፌሮቹን ያስተማርናቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ፋራህ ስልኩን አገላብጦ አገላብጦ፣ «የሶማሊኛው ጽሑፍ የሞቃዲሾ ሰው የጻፈው ይመስላል። እዚህ እንደዚህ አንልም» አለ። እትዬ ፀዳለ ወዲያው የአካባቢውን አባባል ጠይቀውት አስተካከሉ። ፋራህ ግን ሌላም ጥያቄ ነበረው።

«ኤዶ፣ ይሄ ነገር የት እንደቆምኩ ያሳብቅብኛል?»

«አዎ።»

«ጫት ስገዛም?»

«ያን ጊዜ እንኳ እኔም አላይም፣ አንተም አትቆይ» አሉት። ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተቃወመም።

ሥራው ተጀመረ። ለሁለት ሳምንት ያህል ነገሩ ሁሉ እንደ ተፈለገው ሄደ። ሾፌሩ ሲነሳ «ተነሳሁ» የሚለውን ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ መንደሩ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለት ቦቴ አንድ ቢርካ ላይ መገናኘቱ ቀረ። እትዬ ፀዳለ ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረዱት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። ደዋይዋ ዴቃ የሚሏት ሴት ነበረች። ከሸደር ከተማ ወዲያ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር፣ የቢርካ ቁልፍ ያዥ ናት። ስልክ የሚሠራበት ቦታ እስክታገኝ በሌሊት ተነስታ ከመኪናው መንገድ ውጭ በአቋራጭ ሸደር ድረስ በእግሯ መጥታለች። እትዬ ፀዳለ እያዳመጡ ስክሪኑን አዩ፤ ስልኩን ሳይዘጉ ደግመው አዩ። የዴቃ መንደር አረንጓዴ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የተፈጸመ ይላል።

«ውሃ አልደረሰንም ነው የምትለው» አሉኝ ቀስ ብለው።

የሆነውን ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። ማሽኑ «ተነሳሁ» የሚለውን እንደ «ደረስኩ» ነበር የሚቆጥረው። ያን ቀን ወደ ዴቃ መንደር የተላከው ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ሙክታር ነው። ሙክታር ያን ሳምንት በሸደር በኩል ከጉድጓድ እየቀዳ እንዲያመላልስ ስለተመደበ፣ አለመመለሱ ማንንም አላሳሰበም። ኔትወርክ በሌለበት ስለሚውልም ዝምታው አዲስ አልነበረም። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ላይ ስሙን ያየ ሰው፣ «ሙክታር ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም ነበር። አሁን ግን ሁላችንም ያየነው አረንጓዴውን ነው።

ሌሎቹ አምስት ሾፌሮች ሥራ ላይ ናቸው። ግቢው ውስጥ የቆመው፣ ከስድስቱ ውጭ የሆነው የጋሽ ታደሰ አሮጌ ቦቴ ብቻ ነበር። እትዬ ፀዳለ ቁልፉን ከመሳቢያ አወጡ።

«ማን ሊነዳው ነው?» አልኩ።

«ግባ» አሉኝ።

ውሃ ሞልተን ወጣን። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ድሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው፣ ያንን የሚያህል መኪና ሲነዱ አጠገባቸው መቀመጥ ምን እንደሚመስል መግለጽ ያስቸግረኛል። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ነበር። እሳቸው ከፊት የመጣ ባጃጅ ሁሉ ሰላም ሲላቸው በጥሩምባ ይመልሱ ነበር።

ሸደርን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የሙክታርን ቦቴ አገኘነው። ባሌስትራው ተሰብሮ ወደ ጎን ዘምሟል። ሙክታር ከሥሩ በጥላ ተቀምጦ፣ ከሦስት ግመል ጠባቂዎች ጋር ይጫወታል። ግመሎቹ በሳፋ ውሃ ይጠጣሉ።

«ለምን ሰው አልላክህም?» አሉት።

«እነዚህ ዛሬ ጠዋት ነው የመጡት፣ ኤዶ። ትናንት ያለፉት ደግሞ ወደ ወዲያኛው በኩል ነው የሄዱት። ውሃውን ጥዬ በእግሬ ልሂድ?» አለና ሳፋውን አየት አድርጎ አፈረ። «ጠምቷቸው ሲመጡ እንቢ ማለት አልቻልኩም። እነሱም በወተት ያዙኝ። እንግዳ ሆኜ ነው የከረምኩት።»

«ደግ አደረግህ» አሉትና ጉዟችንን ቀጠልን።

መንደሩ ስንደርስ ጀሪካኖቹ በቢርካው ዙሪያ ተሰልፈዋል። ሰዎቹ የቢርካውን ጭቃ እያጠለሉ ነበር የሚጠጡት። ጥግ ላይ መነሳት ያቃታቸው ፍየሎች ተኝተዋል። ዴቃ ከሸደር ተመልሳ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። እትዬ ፀዳለ መጀመሪያ ጎማውን ዘርግተው ውሃውን ለቀቁት። ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ እስኪጠጡ ጠበቁ። ከዚያ በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

እኔ ልረዳቸው ፈልጌ ቀደም አልኩና፣ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» ማለት ጀመርኩ። ክንዴን ያዙኝ።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉኝ በአማርኛ። ወደ ሰዎቹ ዞረው ደግሞ በሶማሊኛ ተናገሩ። ሶማሊኛዬ ያን ጊዜ ለዚያ ያህል ይበቃ ነበር። ውሃው ደርሷል ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ሳላረጋግጥ አምኜ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ዴቃ ብዙ አልተቆጣችም። ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ማሽንሽ ደረሰ ያለው ማንን ጠይቆ ነው?»

«ሾፌሩን።»

«ውሃውን የሚጠጣው ሾፌሩ ነው እንዴ? እኔን ይጠይቀኝ እንጂ።»

የእትዬ ፀዳለ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ዴቃም ፊቷ ተፈታ። ባመጣነው ውሃ ሻይ አፍልታ፣ የግመል ወተት ጨምራ አጠጣችን። በመልሱ መንገድ ካራማራ ከሩቅ ሲታይ፣ «የኮሌጃችሁ ተማሪዎች ስንት ዓመት ነው የሚማሩት?» አሉኝ።

«እንደ ደረጃው ነው፤ ሁለትም ሦስትም ዓመት።»

«ይቺ ሴት በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው።»

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀሚሳቸውን ሳይቀይሩ ቁጭ ብለው አዲስ ደብዳቤ ጻፉ። «ጉዳዩ፦ ስሕተትን ስለማረም ይሆናል። ቀደም ሲል በጻፍኩት ደብዳቤ ሳልገልጽ የቀረሁት ነገር በመኖሩ...» ማሽኑን አልወቀሱትም። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ «ካልሆነስ?» ቦቴው ተነስቶ ካልደረሰስ? ደርሶ ቁልፍ ያዥዋ ከሌለችስ? ስልኩ ካልሠራስ? ለእያንዳንዱ መልስ ሳይጻፍለት ሥራው አልተጀመረም።

ለቁልፍ ያዦቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች አትመን፣ በመቀስ ቆርጠን አደልን። ውሃው ቢርካ ውስጥ ሲገባ ቁልፍ ያዥዋ አንድ ካርድ ለሾፌሩ ትሰጣለች። ሾፌሩ ቁጥሩን ካላስገባ መንደሩ አረንጓዴ አይሆንም። አንድ ቀን ካለፈው ደግሞ ይቀላና ላፕቶፑ ይጮኻል። ካርዱ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ማንበብም አይፈልግም። ዴቃ የመጀመሪያዋን ካርድ ለፋራህ የሰጠችው ቢርካው ውስጥ ዱላ ከትታ ጥልቀቱን ከለካች በኋላ ነው አሉ። ፋራህ እየሳቀ ነበር ያወራልን።

ወሬው ተዛመተ። በዚያው በጋ አጋማሽ የእርዳታ ሠራተኞችና የመንግሥት ሰዎች ባሉበት ስብሰባ ላይ እንዲያሳዩ ተጠሩ። እኔም ላፕቶፑን ተሸክሜ ሄድኩ። እትዬ ፀዳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳዩ። ሲጨርሱ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወፍራም ኃላፊ፣ «ዴቨሎፐሩ ማን ነው?» ብሎ ዞር ዞር አለ። ሁሉም እኔን አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ፀዳለ።

ሰውየው ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት ይሆናል። ነገሩ ሲገባው ግን በጣም ጓጓ። «ታዲያ ለምን በሚቀጥለው ሳምንት በሁሉም ወረዳ አንጀምረውም?» አለ።

እትዬ ፀዳለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ድንኳን ነው ጌታዬ» አሉ። «በስድስት ቦቴ ነው የሞከርኩት። ስሞክርም አንድ መንደር ሁለት ቀን አስጠምቻለሁ። በዚያ ተምሬያለሁ። በመቶ መንደር ላይ ለመማር ግን ድፍረቱ የለኝም።»

እሳቸው ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቤቱን ይህ መምህር ይሥራው። ጥናት አለው፣ ዲዛይን አለው፣ ፍተሻ አለው። አራት ወር ይፈልጋል፤ ይሰጠው።»

ለካ በዚያ የመጀመሪያ ቀን ያልኩትን ሁሉ ሰምተውኛል። ጊዜው ሳይደርስ ስለተናገርኩት ተዉት እንጂ አልናቁኝም ነበር።

«ሁለት ወር ይበቃኛል» አልኩ።

እውነቴን ነበር። በእጄ የሚሠራ ናሙና አለ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ለማሽኑ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ አትመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በአቃፊ አስረው ሰጡኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የሚፈልገውን እንዲህ አጥርቶ የሰጠኝ ደንበኛ አላጋጠመኝም። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ካልሆነስ?» አለበት። ዛሬ አዳማ የምሠራበትን ሥራ ያገኘሁትም ያንን ሥራ ያዩ ሰዎች ጠርተውኝ ነው።

ዋናው ፕሮግራም ሲያልቅ በጋው ወደ መገባደዱ ነበር። እትዬ ፀዳለ የራሳቸውን ናሙና እንዲጠፋ አዘዙ። እኔ ለማስታወሻ ይቀመጥ ብዬ ለመንኩ። እሳቸው ግን፣ «ሁለት ዝርዝር ባለበት አንዱ ይዋሻል» ብለው በእጃቸው አጠፉት። ከማጥፋታቸው በፊት አጭር የስንብት ደብዳቤ ለጸሐፊው እንደጻፉ ሕይወት ናት የነገረችኝ። ምን እንዳሉት አላሳዩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ሰማዩ ከካራማራ በኩል ጠቆረ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ በሩን ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ መነጋገር አልቻልንም። በዚያ ድምፅ መሃል ስልኩ ጠራ። እትዬ ፀዳለ አንድ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው እየጮኹ አወሩ። ሲዘጉ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«ዴቃ ናት» አሉኝ። «ከትናንት ጀምሮ እነሱ ጋ እየዘነበ ነው፤ ቢርካው እስከ አፉ ሞልቷል። ነገ የእነሱ ተራ ነበር። ቦቴውን ለሌላ ስጡት ለማለት ብላ፣ በዚያ ጭቃ ሸደር ድረስ በእግሯ መጥታለች።»

ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ የዴቃን መንደር ፈልገው አወጡና «ተሰርዟል» የሚለውን ተጫኑ። ፕሮግራሙ ምክንያት ይጠይቃል፤ እንዲጠይቅ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ። «ጉዳዩ» አላሉም፣ ሰላምታም አልጨመሩም። «ዘንቧል» ብለው ጻፉና መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውንም በሩ ላይ ትተው፣ ወደ ግቢው፣ ወደ ዝናቡ ወጡ።